ሃያ ዶላርና አያቶቹ፦ ስለ አርማን ላቬርኝ የተደረገ ክርክር

የክርክሩ ሐሳብ፦ «የኩቤኩ ፖለቲከኛ አርማን ላቬርኝ ለሕዝቡ ከጎዳው የጠቀመው ይበልጣል።» ኩቤክ አብዛኛው ሕዝቧ ፈረንሳይኛ የሚናገር የካናዳ ክፍለ ሀገር ናት። ደጋፊው እዚያው ሞንትሪያል የሚኖሩ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ተቃዋሚዋ አዲስ አበባ ታሪክ ታስተምራለች። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊው

ጠረጴዛዬ ላይ የመብራት ቢል አለ። ከላይ እስከ ታች ፈረንሳይኛ ነው። እንግሊዝኛውን የፈለገ ጠይቆ ያስልካል።

ሞንትሪያል ስመጣ 41 ዓመቴ ነበር። እንግሊዝኛዬን ይዤ፣ ካናዳ ገባሁ ብዬ ነው የመጣሁት። ሥራ ፍለጋ አንድ መጋዘን ሄድኩ። ሰውዬው ወረቀቴን አገላብጦ «ፈረንሳይኛስ?» አለኝ። የለኝም አልኩት። አመስግኖ ሸኘኝ። ያን ቀን አውቶቡስ ስጠብቅ፣ በረዶው ጫማዬ ውስጥ እየገባ፣ ይህን የቋንቋ ሕግ ያወጣውን ሰው ከነዘር ማንዘሩ ረገምኩት።

ዘር ማንዘሩን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ሁሉም የሚያነሳው ፈረንሳይኛን የኩቤክ የሥራና የንግድ ቋንቋ ያደረገውን የ1977ቱን ሕግ ነው። ያ ሕግ ግን አያት አለው። አያቱ የ1910ሩ የላቬርኝ ሕግ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የ1867ቱ ሕገ መንግሥት ሁለቱም ቋንቋዎች በፓርላማና በፍርድ ቤት ይሠራሉ ይላል። ኩባንያዎቹን ግን አይነካም። ባቡሩ፣ ስልኩ፣ ቴሌግራፉ፣ መብራቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ባለሀብቶች እጅ ነበር። ሞንማኚ የሚባለው የኩቤክ ገጠር ገበሬ ተወልዶ ባደገበት አገር ባቡር ሲሳፈር የማያነበው ቲኬት ይሰጡታል። ሻንጣው ቢጠፋ የሚከራከርበትን ወረቀት ማንበብ አይችልም።

ላቬርኝ በ1880 አርታባስካ ተወለደ። ጠበቃ ሆነ። በ1904 ሞንማኚን ወክሎ ኦታዋ ያለው የካናዳ ፓርላማ ገባ። በ1908 ወጣቶች ያሰባሰቡትን ከ400,000 በላይ ፊርማ ይዞ ምክር ቤቱ ፊት ቀረበ። አስቡት፣ የክፍለ ሀገሩ ሰው ሁሉ ተቆጥሮ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ነው። ኦታዋ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። እሱም ትቷት የኩቤክ ክፍለ ሀገር ምክር ቤት ገባና በ1910 ሕጉን አስወጣ። የተሳፋሪ ቲኬት፣ የሻንጣ ወረቀት፣ የጭነት ሰነድ፣ የቴሌግራም ቅጽ፣ የውል ወረቀት፣ በጣቢያና በፋብሪካ የሚለጠፍ ማስታወቂያ፣ ሁሉም በሁለቱም ቋንቋ ይታተም ተባለ። የጣሰ ኩባንያ 20 ዶላር ይቀጣል።

ይህ ሕግ ባይወጣ ኖሮ ዛሬ ኩቤክ ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚናገሩት አያቶች ብቻ በሆኑ ነበር። ለእኔ ሌላ ክርክር አያስፈልግም።

ተቃዋሚዋ

ጋሼ፣ የመጋዘኑን ነገር ሳነብ ከልቤ አዘንኩልዎ። ከዚያ ወረድ ብዬ አንድ ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እሱ ላይ ፈዝዤ ቀረሁ። «ፈረንሳይኛ የሚናገሩት አያቶች ብቻ በሆኑ ነበር።»

አያቶች ብቻ!

ራስዎ የጠቀሱት ሁለት ሚሊዮን ሕዝብ፣ ከአምስቱ አራቱ ገደማ የፈረንሳይ ዘር ነው። ቤቱ ፈረንሳይኛ ነው። ቅዳሴው በላቲን ቢሆን ስብከቱ ፈረንሳይኛ ነው። ትምህርት ቤቱን የያዘችው ቤተ ክርስቲያን ናት። በየቤቱ ስምንትም አሥርም ልጅ ይወለዳል። ይህን ሁሉ ሰው ቋንቋውን እንዳይረሳ የያዘው የሻንጣ ወረቀት ነው? እናቶቹ ምን ይሠሩ ነበር ታዲያ?

ቅጣቱን ደግሞ አሳመሩት። ሕጉ የሚለው «ከ20 ዶላር ያልበለጠ» ነው። «ያልበለጠ» የምትለዋን ቃል ዋጧት። የባቡር ኩባንያ በ20 ዶላር ሲደነግጥ ታየኝ።

ሕጉንም ቢሆን ብቻውን አላወጣውም። የእሱ ወገን በምክር ቤቱ ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነበር። ብዙኃኑ የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር የሎሜር ጉዋን ሊበራሎች ናቸው። እነሱ እጃቸውን ባያነሱ ኖሮ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀር ነበር። ጉዋን ስሙ አልተነሳም። ለምን? ስላልጮኸ።

አሁን ወደ ሰውዬው ሕይወት ልግባ፤ ክርክሩ ስለ ሕይወቱ መሰለኝ። ዊልፍሪድ ሎሪዬ የመጀመሪያው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው። የላቬርኝ አባት የጥብቅና ሸሪክ ነበር። እንዲያውም የልጁ እውነተኛ አባት እሱ ነው እየተባለ ሲታማ ኖሯል። ላቬርኝ መጀመሪያ ፓርላማ የገባውም በእሱ ፓርቲ ነው። ላቬርኝ ምን አደረገ? ሎሪዬ የካናዳ ባሕር ኃይል ላቋቁም ሲል ከሌላው የኩቤክ ብሔርተኛ ፖለቲከኛ ከኦንሪ ቡራሳ ጋር ሆኖ ተነሳበት። በ1911 ምርጫ ከወግ አጥባቂዎቹ ጋር ገጠመ። ሎሪዬ ወደቀ። ሮበርት ቦርደን መጣ። በ1917 ግዴታ ውትድርናን ያወጀው ማነው? ቦርደን። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይህ ነው። በሕዝቡ ላይ በሩን የከፈተው ራሱ ላቬርኝ ነው።

ደጋፊው

እህቴ፣ አንቺ የታሪክ አስተማሪ ነሽ። ከታሪክ አስተማሪ ሐሜት አልጠበቅኩም ነበር። የሎሪዬና የላቬርኝ እናት ነገር በማስረጃ ተረጋግጦ አያውቅም። «ይታማል» ብሎ ጽፎ ማለፍ ቀላል ነው። የሞተች ሴት ስም ነው የነካሽው።

አያቶቹን ይዘሽ ሙጭጭ አልሽ። እሺ፣ አጋንኜ ይሆናል። ሰው ሲሞቀው ያጋንናል። እኔ ልል የፈለግኩት ስለ ተናጋሪ ብዛት አይደለም። ስለ ክብር ነው። ሰው ቤቱ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በቋንቋው ሊናገር ይችላል። ገንዘብ ከፍሎ ዕቃ የሚገዛበት ቋንቋ የሌላ ከሆነ ግን ቋንቋው የኩሽና ቋንቋ ሆነ ማለት ነው። አንቺ አዲስ አበባ ተቀምጠሽ «ለገሃር ደረስኩ» ትያለሽ። ለገሃር ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ፈረንሳይኛ ነው፤ ጣቢያው ማለት ነው። ፉርጎውም ከእነሱ የመጣ ነው። ባቡሩን የሠራው የፈረንሳይ ኩባንያ ስለሆነ ቃሉን ትቶልን ሄደ። የባቡር ባለቤት የቋንቋም ባለቤት ነው። ላቬርኝ የገባው ይህ ነው።

1911ን በተመለከተ፣ ሎሪዬን የጣለችው እንግሊዝኛ ተናጋሪዋ ጎረቤት ክፍለ ሀገር ኦንታሪዮ ናት። ከአሜሪካ ጋር የንግድ ውል ልዋዋል አለ፤ የኦንታሪዮ ሰው «ለአሜሪካ ሊሸጠን ነው» ብሎ ተነሳበት። ላቬርኝ ባይኖርም ይወድቅ ነበር። ቦርደንን በእሱ ጫንቃ ላይ አትጫኚው።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የሆነውን ደግሞ አልነካሽውም። ላቬርኝ የሞንማኚ ክፍለ ጦር ሌተና ኮሎኔል ነበር፤ በደንብ የለበሰ፣ በደንብ የሚናገር መኮንን። በ1915 የጦር ሚኒስትሩ ሳም ሂዩዝ ወደ አውሮፓ የሚዘምት ባታሊዮን አቋቁመህ ምራ አለው። ሌላ ፖለቲከኛ ቢሆን ፎቶ ተነስቶ መርከብ ላይ ይወጣ ነበር። እሱ በአደባባይ እምቢ አለ። በዚያን ጊዜ ኦንታሪዮ «ደንብ 17» የሚባለውን አውጥታ፣ በፈረንሳይኛ ማስተማር ከሁለተኛ ዓመት እንዳያልፍ ከልክላለች። «የኦንታሪዮ ወገኖቼ በቋንቋቸው መማር ሳይችሉ አውሮፓ ሄጄ ስለ የትኛው ነፃነት ነው የምዋጋው?» ነው ያለው። ይህን ያለው በጦርነት መሐል ነው። ከሃዲ እየተባለ።

ተቃዋሚዋ

መጀመሪያ አንድ ነገር። እኔ «ጋሼ» ብዬ፣ አንቱ ብዬ ነው የጻፍኩልዎ። «አንቺ» የሚለውን ለዕድሜዎ ስል ችዬዋለሁ። ግን የክርክር መድረክ ላይ ነን፤ የእርስዎ ሳሎን አይደለም።

ወደ አያቶቹ። አሁን «ክብር» ሆኑ ማለት ነው? የመጀመሪያው ዙር ላይ ሕጉ አንድን ቋንቋ ከሞት አዳነ። ሁለተኛው ላይ ስሜት አከበረ። ሦስተኛው ላይ ምን ሊሆን ነው? አጋንኜ «ይሆናል» ማለት ይበቃል? ክርክሩን ያቆሙት በዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ነበር። «ሌላ ክርክር አያስፈልግም» ያሉት እርስዎ ነዎት።

የለገሃር ምሳሌዎትን ወድጄዋለሁ። ይፍቀዱልኝና ልጨርሰው። የፈረንሳዩ ኩባንያ ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ከዚያ በኋላ ስንት አሥር ዓመት ሠራ? የአዲስ አበባ ሰው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆነ? ለገሃር የሚለውን ቃል ወስደን፣ አማርኛ አድርገነው፣ «ለገሃር ጋ ወራጅ አለ» እያልንበት ነው። የባቡር ባለቤት የቋንቋ ባለቤት ቢሆን ኖሮ ይህን ክርክር በፈረንሳይኛ እናደርገው ነበር። ቲኬት ቋንቋ አይገድልም። ስለዚህ አያድንምም። የረዱኝ እርስዎ ነዎት፤ አመሰግናለሁ።

እምቢ ማለቱ ጥሩ ነው፤ አልነፍገውም። ግን እምቢ ያለው ለራሱ ነበር። ሕዝቡ ላይ ሲደርስ ምን እንዳደረገ እንይ። 1918፣ የፋሲካ ሰሞን፣ ኩቤክ ከተማ። ሐሙስ ዕለት የመንግሥት ሰዎች አንዱን ወጣት ከግዴታ ውትድርና ነፃ የሚያደርገውን ወረቀት አላሳየህም ብለው ያዙት። ከተማው ተነሳ። የምልመላው መዝገብ ያለበት ቢሮ ተቃጠለ። ከቶሮንቶ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወታደሮች መጡ። እሑድ ማታ ላቬርኝ ሰልፈኛው መሐል ገባ። «ወደ ቤታችሁ ግቡ፣ ወታደሩ ይወጣል» አለ። ማን አለህ? ቃል ተሰጥቶኛል አለ። ወታደሩ አልወጣም። ሰኞ ማታ ተተኮሰ። አራት ሰው ሞተ፤ አንዱ ገና ልጅ ነው።

በእጁ የሌለውን ሰጠ። ከአሥር ዓመት በላይ ሲናገር የኖረ ሰው፣ አንደበቱ በቂ መስሎት። ጥቅም ይሉኛል?

ደጋፊው

ጥሩ። ከእንግዲህ እርስዎ። ይቅርታም ካስፈለገ ይኸው። የእርስዎ እኩያ ልጆች ያሉት ሰው «እህቴ፣ አንቺ» ሲል ስድብ መሆኑን አላውቅም ነበር። እኛ ስንወጣ ፍቅር ነበር።

ወደ ፋሲካው እንሂድ፤ ይህን ያነሱት እርስዎ ነዎትና እስከ መጨረሻው አብረን እንሂድ።

ያን እሑድ ማታ ከተማው ውስጥ ስንት ፖለቲከኛ ነበር? የእርስዎ ጸጥተኛው ጉዋን ጠቅላይ ሚኒስትር ነው፤ የክፍለ ሀገሩ መቀመጫ እዚያው ከተማ ነው። ወጥቶ ሰው መሐል ቆመ? ቡራሳስ? ኦታዋ ያሉትን ተዋቸው። ላቬርኝ ግን ከመንግሥት ሰዎች ጋር ሆቴል ድረስ ሄዶ ተነጋገረ፤ የተባለውን ይዞ ጨለማ ውስጥ ገብቶ ነገራቸው። ሰዉ ምን አደረገ? ሰማው። ወደ ቤቱ ሄደ! በማግስቱ መትረየስ ያጠመደው እሱ ነው? ጦሩን የመራው ጄኔራል ሌሳር ነው፤ ራሱ የኩቤክ ከተማ ልጅ፣ ራሱ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ። ወታደሩን ያላስወጣው እሱ ነው። ላቬርኝ ደግሞ በምርመራው ችሎት ቀርቦ የሆነውን ተናገረ። አጣሪው ዳኝነት የሞቱት ሰዎች ጥፋት የለባቸውም፣ መንግሥት ካሳ ይክፈል ብሎ ወሰነ። አልቀባባሁትም፤ የሆነው ይህ ነው።

ቃል የሰጠ ይከሰስ ወይስ ቃል ያፈረሰ? ይህን ይመልሱልኝ። አያቶቹን ለጊዜው ያሳርፏቸው።

ተቃዋሚዋ

ማረፍማ አያቶቹም ይፈልጋሉ፤ ስንት ዙር ተሸከሟችሁ።

ስለ ፋሲካው የምለውን ብያለሁ። ወደ ኋላው ዕድሜው እንምጣ፤ እርስዎ ከ1918 በኋላ ሰውዬው የሞተ ይመስል አንድ ቃል አላሉም። በ1930 ላቬርኝ እንደገና ለኦታዋ ፓርላማ ተወዳደረ። በየትኛው ፓርቲ? በወግ አጥባቂው። የቦርደን ፓርቲ! ግዴታ ውትድርና ያወጀው፣ ወታደር የላከው። ተመረጠ። ምክትል አፈ ጉባኤ ተባለ። እስከሞተበት 1935 ድረስ ያችን ወንበር ይዞ ነበር። አራቱ ሰዎች ከሞቱበት ማታ ገና አሥራ ሁለት ዓመት ማለፉ ነው፤ ሰውዬው ከገዳዮቹ ፓርቲ ደመወዝ ይበላል። ይህን እንዴት ያዩታል? «እምቢ ያለው መኮንን» የት ሄደ?

እኔ ተማሪዎቼን የማስተምረው አንድ ሰው ሲጮህ ምን አለ ብቻ ሳይሆን ሲደክመው የት ተቀመጠ የሚለውን እንዲያዩ ነው።

እና ሌላ ነገር ልንገርዎ። እርስዎ የሚከራከሩት ስለ ላቬርኝ አይመስለኝም። ስለ ቢልዎ ነው። የዚህ ሕግ የልጅ ልጅ ነው መጋዘኑ በር ላይ የመለሰዎት። በ41 ዓመትዎ፣ በበረዶ። አሁን ደግሞ አያቱን እያመሰገኑ ነው። ይህ ፍቅር ነው ወይስ መልመድ?

ደጋፊው

ወንበሩን አልወደድኩለትም። ይኸው፣ ጻፍኩት። ግን በዚያ ፓርቲ ውስጥ ሆኖም ፈረንሳይኛ መናገሩን አልተወም። የካናዳ ባንክ የመጀመሪያ ብሩን ያወጣው በ1935፣ ላቬርኝ በሞተበት ወር ነው። ለኩቤክ የወጣው ብር ፈረንሳይኛ ተጽፎበት ነበር። ያን ያደረገው የዚያው ፓርቲ መንግሥት ነው። እሱ አስወጣው አልልም። ቲኬት የጀመረው ነገር ብር ላይ ደረሰ ነው የምለው።

የጠየቁኝን ልመልስ። ሁለት ዓመት ተናድጄ ኖርኩ። ሦስተኛው ዓመት ላይ የስደተኞች የቋንቋ ክፍል ገባሁ። ማታ ማታ፣ ከሥራ መልስ፣ ልጆቼ የሚሆኑ ሰዎች መሐል ተቀምጬ ግስ እረባ ነበር። አስተማሪዋ ስሜን አንድ ቀን አስተካክላ ጠራችው። ትንሽ ነገር ነው፤ ለእናንተ አይገባም። ከዚያ በኋላ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ፣ እዚሁ ተወልዶ ያረጀ፣ ወጣት ሆኖ ፋብሪካ ሲሠራ አለቃው «በሰው ቋንቋ ተናገር» ይለው እንደነበር ነገረኝ። በገዛ ከተማው። ያኔ መጋዘኑ በር ላይ የተመለስኩት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ገባኝ። እኔ አንድ ቀን ነው፤ እሱ ዕድሜ ልኩን።

እና እዚያ ፋብሪካ ግድግዳ ላይ በፈረንሳይኛ የተለጠፈ ማስታወቂያ ቢኖር ለዚያ ሰው ምን ማለት ነበር? እርስዎ «ከ20 ዶላር ያልበለጠ» እያሉ ይስቃሉ። እኔ ሠራተኛው ግድግዳው ላይ የሚያነበውን እንጂ ገንዘቡን አላየሁም።

ተቃዋሚዋ

የጎረቤትዎ ነገር ነካኝ። እውነቴን ነው። ይህን መጀመሪያ ዙር ላይ ቢጽፉት ኖሮ ሌላ ክርክር እናደርግ ነበር።

ግን እስቲ አንድ ጊዜ ያስቡት። ላቬርኝ ሕጉን ያወጣው በ1910 ነው። ጎረቤትዎ እርስዎ ያገኙት ሽማግሌ ነው፤ ፋብሪካ የገባው ሕጉ ከወጣ ብዙ አሥር ዓመት በኋላ መሆን አለበት። ሕጉ አለ። ማስታወቂያው ተለጥፏል እንበል። አለቃው ግን አሁንም «በሰው ቋንቋ ተናገር» ይላል። እንግዲህ ያልበለጠውን 20 ዶላር የፈራው ማን ነው? ለሰውዬው የደረሰለት የ1977ቱ ነው፤ ያም ከደረሰለት።

ደጋፊው

ያልጀመረ አይጨርስም። ሌላ የምለው የለኝም።

አይ፣ አንድ አለኝ። ያን እሑድ ማታ ሌላ ማን ወጣ? ከጠየቅኩ ሁለት ዙር አለፈ። መልስ ካለዎት ይጻፉ። እኔ ነገ ጠዋት ሥራ አለብኝ።

ተቃዋሚዋ

ደህና ይደሩ፣ ጋሼ። አያቶቹን ግን አሁንም እየጠበቅኩ ነው።